ለምርቃት የቺዝ ዲፕ ልትሠራ ላለችው እህቴ፦ ከቺዙ በፊት ሶኬቱ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ ሁለት ዓመት የደረሰብኝ ሁሉ ትዝ አለኝ። «ደሴ ነኝ፤ ለልጄ ምርቃት በስሎው ኩከር የሞቀ የቺዝ ዲፕ (ዳቦ የሚጠቀስበት የቀለጠ ቺዝ) ልሠራ ነው፤ በአይብ ይሆናል ወይ?» ብለሻል። ስሎው ኩከሩ፣ ያ በመብራት ቀስ አድርጎ የሚያበስለው ባለ ሸክላ ድስት ዕቃ፣ ከየት እንደመጣ አልጻፍሽም። እኔ የማውቃቸው ሁሉ ግን በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ ያንቺም እንደዚያው ነው ብዬ ልጀምር።

1. ዕቃውን ገልብጪና ከሥሩ የተጻፈውን አንብቢ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ ግድግዳው ላይ እንዳትሰኪው። የእኛ መብራት 220 ነው። እኔ አሜሪካ ያለችው እህቴ የላከችልኝን ይዤ እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። «የአሜሪካ ዕቃ ነው፣ መቀየሪያ ስጡኝ» አልኩ። ሻጩ ትንሽ ነጭ ነገር አውጥቶ «ይሄ ይቀይርልሻል» አለኝ። አመንኩት። ለካ የሚቀይረው የመሰኪያውን ቅርጽ ብቻ ነው። ኃይሉን አይነካውም!

ቺዙን ጨምሬ፣ ሎው (ዝቅ ያለው ሙቀት) ላይ አድርጌ ሰካሁትና እንግዳ ልቀበል ወጣሁ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሽታው ሳሎን ደረሰ። ኤሌክትሪክ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ በኋላ አስረዳኝ። ቮልቱ ወደ እጥፍ ሲጠጋ ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። 240 ዋት የነበረው ዕቃዬ 800 ዋት እየጎተተ ነበር ማለት ነው። ቺዙ ከሥር ከሰለ፤ ከላይ ቅባቱ ተንሳፈፈ። የሸክላ ድስቱም ለሁለት ተሰነጠቀ።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። ገንዘቤ ብቻ አልነበረም ያሳሰበኝ፤ ለሌላ ሰውም እንዳይሸጡት ልነግራቸው ነበር። ባለቤቱ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «እኛ የሸጥነው ሶኬት ነው፤ ማብሰል ካልቻልሽ ምን እናድርግሽ?» አለኝ፣ ያውም ሰው ፊት። ሃያ ዓመት የሰው ሠርግና ማኅበር ላይ ወጥ ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሱቅ በር አላልፍም።

አንቺ የምትገዢው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። በእጅሽ ስታነሺው ይከብዳል፤ ቀላል ከሆነ ተጠራጠሪ። ዋቱ ከዕቃው ዋት በደንብ ይብለጥ። እህቴ ሌላ ስሎው ኩከር ስትልክልኝ 500 ዋት የሆነ ገዛሁለት፤ እስካሁን አልሞቀብኝም።

2. አይብ አይሆንም። ይህንንም ሞክሬ ነው የምነግርሽ። አይብ ከአሬራ፣ በኮምጣጣነቱና በእሳት የረጋ ነው። ደግመሽ ስታሞቂው አይቀልጥም፤ ውሃውን እየለቀቀ ይደርቃል። የኔ አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ አለ። ሰኞ ገበያ የገዛሁት ምን የመሰለ አይብ ነበር፣ አሳዘነኝ። ከወደድሽው መጨረሻ ላይ ከላይ በትኚው፤ ያኔ ያምራል።

የሚቀልጥ ቺዝ 400 ግራም ያዢ፤ ሞዛሬላ ወይም ጎዳ። ራስሽ ፈቅፍቂው። ተፈቅፍቆ የታሸገው እንዳይጣበቅ የሚያደርቅ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ሲቀልጥ አንዳንዴ ይጓጉላል። የፈቀፈቅሽውን በሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች እሺው። ከዚያ በየሱቁ የሚሸጠውን ባለ ሦስት ማዕዘን ቺዝ፣ ስምንት ፍሬ ያለውን አንድ ክብ ካርቶን ጨምሪ። ምስጢሩ እሱ ነው። ሲመረት የሚገባበት ጨው ቅባቱንና ውሃውን አያይዞ ይይዛል፤ ሌላውም ቺዝ እንዳይለያይ ይረዳል። ወተት አንድ ብርጭቆ፣ አስቀድሞ የፈላና ለብ ያለ። ነጭ ሽንኩርት፣ ፍሬው የወጣ ሦስት ቃሪያ፣ ውሃው የተጨመቀ ሁለት ቲማቲም። ሎው ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ በየሩብ ሰዓቱ እያማሰልሽ። ሲንተከተክ ካየሽ ከልክ አልፏል፤ ቶሎ ዋርም (ሙቀቱን ብቻ የሚጠብቀው) ላይ አድርጊው። ከወፈረብሽ ትኩስ ወተት ጠብ አድርጊ።

ሥጋ አትጨምሪበት። ወሎ ነን፤ የኔ እንግዳ ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው። «የማን እርድ ነው?» ሳይባል ሁሉም ከአንድ ዕቃ የሚጠቅስበት ነገር ማግኘት ለኔ ትልቅ ደስታ ነው። ቀኑንም አይተሽ ቁረጪ፤ ረቡዕና ዓርብ ካደረግሽው ጿሚው ቁጭ ብሎ ያይሻል።

3. መብራት። ይጠፋል ብለሽ ተዘጋጂ። ባለፈው ዓመት ኮምቦልቻ ለወንድሜ ልጅ ልደት ዲፑን እዚሁ ደሴ ሠርቼ፣ ከነድስቱ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ቅርጫት ውስጥ አድርጌ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። ስደርስ ሰፈሩ በሙሉ መብራት የለም። ክዳኑን ስከፍተው ግን ገና ይተናል! ሸክላው ሙቀት ይይዛል፤ በየደቂቃው ካልከፈትሽው አይከዳሽም። እየቀዘቀዘ ሲመጣ ከሰል ላይ ሰፊ ድስት ጥጄ፣ ውሃ አሙቄ፣ ዲፑን በትንሽ ብረት ድስት ገልብጬ ውሃው ላይ አስቀመጥኩት። ሸክላውን ራሱን እሳት ላይ እንዳታደርጊ፤ ይፈነዳል። ድፎ ዳቦ በጣት ልክ ቆርጬ መጥበሻ ላይ አድርቄ ነበር፤ የምስር ሳምቡሳም ነበረ። ሕፃናቱ ሳምቡሳውን እየነከሩ ጨረሱት። የወንድሜ ሚስት እናት፣ ቺዝ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ትልቅ ሰው፣ «ይሄ ገንፎ ምንድን ነው?» ብለው ሦስቴ ጨመሩ።

አብሽሪ፣ ያንቺም ያምራል። ትራንስፎርመር ካጣሽ የኔን ውሰጂ፣ ቤቴ እዚሁ ደሴ ሙጋድ ሰፈር ነው። ቀኑን ብቻ አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ የጎረቤቴም ልጅ በዚያው ሰሞን ነው የሚመረቀው፣ ለእሷም ቃል ገብቻለሁ።