መሪውን ያወረደ ምክር ቤት አብሮ ይወርዳል

ጥያቄ፦ በሥነ ዜጋ ትምህርት ስለ መተማመኛ ድምፅ (ምክር ቤት መሪውን በድምፅ ስለሚያወርድበት መንገድ) ሳስተምር ተማሪዎቼ «በዚህ መንገድ የወረደ ፕሬዚዳንት አለ?» ይሉኛል። የቀድሞው የኪሪባቲ ፕሬዚዳንት አኖቴ ቶንግ ሥልጣን የያዙት ከእሳቸው በፊት የነበሩት እንዲህ ወርደው ነው ሲባል ሰማሁ። መሪ በቀላሉ የሚወርድ ከሆነ እሳቸው ከ12 ዓመት በላይ እንዴት ቆዩ? (መምህር፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ የሰሙት ልክ ነው፤ «በቀላሉ» በሚለው ግን አንስማማም። ኪሪባቲ በፓስፊክ የተበተኑ 33 ደሴቶች ናት፤ የብሷ ስፋት 811 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የጣናን ሲሶ አይሞላም። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የምክር ቤት ምርጫ ይደረጋል። ምክር ቤቱ ከራሱ አባላት ከ3 ያላነሱ፣ ከ4 ያልበለጡ እጩዎች ይሰይማል፤ ሕዝቡ ከእነሱ አንዱን በቀጥታ ይመርጣል። ብልጫ ያገኘ ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግድ አይደለም።

ከጠቅላላው አባላት አብላጫው መተማመኛ ከነፈገ ፕሬዚዳንቱ ይወርዳል፤ ምክር ቤቱም ወዲያው ይበተናል። ድምፁን የሰጠው አባል ራሱ ወንበሩን አጥቶ ወደ መራጩ ይመለሳል። እስከ ምርጫው የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽኑ ሰብሳቢ፣ ዋናው ዳኛና አፈ ጉባኤው ሦስት ሆነው ያስተዳድራሉ። ተማሪዎችዎ ይህን ቢይዙልን ደስ ይለናል፤ አውራጁም የሚከፍለው ዋጋ ስላለ ነገሩ የዘወትር መሣሪያ አይሆንም።

ከቶንግ በፊት ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴቡሮሮ ቲቶ በየካቲት 2003 ለሦስተኛ ጊዜ ተመርጠው በመጋቢት መተማመኛ ተነፈጉ። ሕጉ አንድ ሰው ከ3 ጊዜ በላይ ሥልጣን እንዳይዝ ይከለክላል፤ የሚቆጠረውም ዓመቱ ሳይሆን ሥልጣን የተያዘበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ያቺ የሳምንታት ዘመን እንደ ሙሉ ተቆጥራባቸው መንገዱ ተዘጋ። በሐምሌ አኖቴ ቶንግ ታላቅ ወንድማቸውን ሃሪ ቶንግን 13,556 ለ12,457 አሸነፉ። በ2007 እና በ2012 ደግመው ተመርጠው፣ ሦስቱን ጨርሰው በ2016 ለታኔቲ ማማኡ አስረከቡ።

ቶንግ በኅዳር 2003 ለታይዋን እውቅና ሲሰጡ ቻይና ግንኙነቷን አቋርጣ በደቡብ ታራዋ የነበራትን የሳተላይት መከታተያ ጣቢያ ዘጋች፤ ማማኡ በ2019 እውቅናውን ወደ ቻይና መለሱ።

በእኛ ግምት የቶንግ ትልቁ ሥራ የፊኒክስ ደሴቶች ጥብቅ ባሕር ነው፤ 408,250 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ። ከጥር 1 ቀን 2015 ጀምሮ የንግድ ዓሣ ማስገር ተከለከለበት። የመንግሥት ዋና ገቢ የውጭ መርከቦች የሚከፍሉት የማስገር ፈቃድ ስለሆነ ውሳኔው ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ተተኪው መንግሥት በ2021 ባሕሩን መልሶ ሊከፍት መወሰኑ ያሳዝነናል።

ጥያቄ፦ አኖቴ ቶንግ ደሴቶቹ ይሰጥማሉ ብለው ሕዝባቸውን ሊያሰፍሩ ፊጂ ውስጥ መሬት ገዙ ይባላል። እውነት ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ግዢው እውነት ነው፤ በ2014 በቫኑዋ ሌቩ ደሴት 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተገዛ። ሕዝብ ግን አልሰፈረበትም። የመሬት ባለቤትነት የመኖሪያ ፈቃድም ዜግነትም አይሰጥም፤ ሉዓላዊነቱ የፊጂ ነው። በጊዜው ከተነገሩት ዓላማዎች አንዱ የምግብ ዋስትና ነበር፤ ይህም ተገቢ ስጋት ነው። እንደ ኪሪባቲ ባሉ የኮራል ደሴቶች የሚጠጣው ውኃ ከመሬት በታች በጨዋማው ውኃ ላይ ስስ ሆኖ ተንሳፍፎ ይገኛል። ማዕበል ደሴቱን ሲሻገር ጉድጓዱና የሥራሥር ማሳው ጨው ይገባባቸዋል፤ ይህ የሚሆነው መሬቱ ከመስጠሙ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።