ከድንጋዩ በፊት አፈሩን እዪ

እህታችን፣ «ውኃ በፈረቃ እየመጣ ሣር ማጠጣት አቅቶኛል፤ 80 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ግቢዬን በድንጋይና በጠጠር ላለብሰው አስቤአለሁ፤ የቱን ድንጋይ ልግዛ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ድንጋዩ ቀለም ብዙ ብለዋል። እኔ ከዚህ ጣጣ የወጣሁት በቅርቡ ስለሆነ ከድንጋዩ ሥር ስላለው ነገር ልንገርሽ። አያት አካባቢ ነኝ ስላልሽ አፈርሽ እንደ እኛው መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው ብዬ ነው የምጽፈው።

1. መረሬውን አስወጪ። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ ያስቀመጥሽውን ሁሉ እንዳሻው ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። እግር የሚረግጠውንና መኪና የሚቆምበትን ቦታ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር አስቆፍሪና ሲጠቀጠቅ በሚጠነክር ጠጠራማ አፈር፣ በገረጋንቲ አስሞዪው። ሙሌቱ በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ በየ15 ወይም በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ውኃ እየተርከፈከፈ ይጠቅጠቅ። ጠጠር ብቻ የሚበተንበት የአትክልት ጥግ ይህን ያህል ድካም አያስፈልገውም።

2. ፍሳሹን ከድንጋዩ በፊት ወስኚ። ወለሉ ከቤቱ ግድግዳ እየራቀ ሲሄድ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ግንበኛሽ «በዓይኔ እለካዋለሁ» ካለሽ ሌላ ግንበኛ ፈልጊ። የእኛው በሰፈሩ ስሙ የተጠራ ባለሙያ ነበር። ስለ ሙሌት ሳነሣበት «ጌታዬ፣ ድንጋይ ለራሱ ይበቃል፤ በሲሚንቶ አስረዋለሁ» አለና መረሬው ላይ ስስ አሸዋ በትኖ ጥርቡን ደረደረው። ሲያልቅ በእውነት አምሮ ነበር። ጎረቤቱ እየመጣ አየ፤ ባለቤቴ ቡና የምታፈላበትን ጥግ መረጠች።

ሐምሌ ሲገባ በረንዳው አጠገብ ያሉት ድንጋዮች ተነሡ፣ መሃሉ ሰረጎደ፣ የሲሚንቶው ማያያዣ ተሰነጣጠቀ። ውኃው ወደ ቱቦው መሄዱን ትቶ ወደ ሳሎኑ መሠረት ዞረ። የድንጋዩን አንድ ጫፍ ስትረግጪ በሌላው ጫፍ ጥቁር ጭቃ ሽቅብ ይረጫል። በፍልሰታ ባለቤቴ ነጠላዋን ለብሳ ለቅዳሴ ስትወጣ ከደረጃው ሥር ያለው ድንጋይ እስከ ጉልበቷ ጭቃ አለበሳት። ግንበኛው ሲደወልለት «ይህ የአፈሩ ጠባይ እንጂ የእኔ ሥራ ችግር አይደለም» አለ። አፈሩን እኮ ሲሠራ ቆሞበት ነበር!

3. ዋናው ወጪ ድንጋዩ አይደለም። 80 ካሬውን በሙሉ 50 ሳንቲ ሜትር ካስቆፈርሽ 40 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል፤ ሲቆፈር ደግሞ ስለሚላላ መጠኑ ይጨምራል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ ከሦስት ቢያጆ በላይ ነው። ያንን ያህል አፈር የሚደፋበት ቦታ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ከዚያ በምትኩ ገረጋንቲው ይገባል። ጫኝና አውራጅ የሚባለው መከራም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የተበላሸውን እንደገና ስናሠራ፣ ገልባጩ ጀርባውን አንሥቶ ገረጋንቲውን ራሱ ሲያፈስ አጥር ተደግፈው ያዩ ወጣቶች የአውራጅ ክፈል አሉኝ። «ምን አወረዳችሁ?» ብላቸው «ሰፈሩ የእኛ ነው» አሉ። ለሾፌሩ ከከፈልኩት የማይተናነስ ገንዘብ ነው የጠየቁኝ።

አቤት ልል ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ተቀባይዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ማመልከቻ አለዎት?» አለች። ጽፌ ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። በመጨረሻ ሲያገኙኝ ማመልከቻዬን አጥፈው አስቀመጡና «ለመሆኑ ገረጋንቲውን መንገድ ዳር ያስደፉት በማን ፈቃድ ነው?» አሉኝ። ከሳሽ ሆኜ ገብቼ ተከሳሽ ሆኜ ወጣሁ። ስለዚህ መኪናው ሳይመጣ በሩን አስፍተሽ ግቢ ውስጥ አስገልብጪ። ከወጣቶቹም ጋር ቀድመሽ ተነጋግረሽ የተስማማችሁበትን በጽሑፍ ያዢ። ዕቃው መሬት ከነካ በኋላ መከራከር ዋጋ የለውም።

ሁለተኛውን ሥራ ቆሜ አሠራሁት። ሲባጎውን እኔ ወጠርኩ፣ ውኃ ልኩን እኔ ያዝኩ፤ ባሬላ የሚሸከሙት ልጆች «ኢንጂነር» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። ባለፈው ክረምት ከእኛ በላይ ያለው ግቢ ኩሬ ሲሆን የእኛው ጠብ ያለውን ሁሉ ሲያወጣ ዋለ። አሁን በእውነት መሐንዲስ የሆነው ጎረቤታችን ሙሌቱን በምን እንደጠቀጠቅነው መጥቶ ጠይቆኛል።

ስለ ድንጋዩ ካነሣሽ መኪና ለሚቆምበት ኮብልስቶን የሚያህል የለም። ያለ ሲሚንቶ አሸዋ ላይ ስለሚነጠፍ አንድ ቦታ ቢሰምጥ ነቅለሽ ታስተካክዪዋለሽ። የአምቦ ድንጋይ ለግድግዳ ያምራል፤ ውኃ በሚተኛበት ወለል ላይ ግን አልመክርሽም። ከቢሾፍቱና ከሞጆ በኩል የሚመጣው ቀይ አሽ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቀላልና ውኃ የሚያሳልፍ ነው፤ ነገር ግን በጫማ ተይዞ ሳሎን ይገባል፣ ጎማም ያደቀዋል። እሬቱና የጥብስ ቅጠሉ ሥር ብቻ ብትነጥፊው ይበቃል። ሁለቱም ተክሎች ውኃ ብዙ አይፈልጉም።

ከጠጠሩ ሥር ላስቲክ እንዳታነጥፊ፤ ውኃውን አቁሮ ያስቀርብሻል። እኛ የማዳበሪያ ከረጢት ቀድደን ጫፍና ጫፉን አደራርበን ዘረጋን፤ ውኃ ያሳልፋል፣ አረሙንም ይይዛል። ሰርዶው ግን ቀድሞ ከነሥሩ ካልተለቀመ ከረጢቱንም በስቶ ይወጣል።

ሥራውን ከመስቀል በኋላ አፈሩ ጠፈፍ ሲል ጀምሪ፤ በጣም ከደረቀ ዶማ አይበግረውም። ለግንበኛው የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትሽ በፊት በረንዳው ጥግ ላይ አንድ በርሜል ውኃ አስደፊና ወዴት እንደሚሄድ አብራችሁ ቆማችሁ እዩ። ወደ ቤቱ ከዞረ ገንዘቡን አትልቀቂ።