ስህተቴን ልናገር ወይስ ልደብቅ?

ከኮምቦልቻ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። የፓይለት ሥልጠና ማስታወቂያ እስኪወጣ ባጃጅ እየሠራሁ ነው። ማታ ማታ ፓይለቶች በረራ ላይ የገጠማቸውን ሲያወሩ በስልኬ እሰማለሁ። እናቴ ‹በወሬ ፓይለት የሆነ የለም› ትለኛለች። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ቃለ መጠይቅ ላይ ስህተት ሠርቻለሁ ካልክ አለቀልህ› ይሉኛል። እኔ ባለፈው ክረምት ፍሬኑ እንደላላ እያወቅኩ ሰው ጭኜ፣ ቦርከና ድልድይ ጋ ለጥቂት ነው የተረፍነው። ይሄን ልናገር ወይስ ልደብቅ?»

አብሽር ወንድሜ። ከእናትህ ጋር በግማሹ እስማማለሁ። ከጓደኞችህ ጋር ግን ጭራሽ አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1974 ቲደብሊውኤ የሚባል የአሜሪካ አየር መንገድ ቦይንግ 727 ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለማረፍ ሲቃረብ ተራራ መታ። የተሳፈሩት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አብራሪዎቹ ከመቆጣጠሪያው ለማረፍ እንዲቀርቡ ሲፈቀድላቸው፣ ወዲያው ወደ 1,800 ጫማ መውረድም የተፈቀደላቸው መስሏቸው ነበር። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ከስድስት ሳምንት በፊት ዩናይትድ የሚባለው የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች እዚያው ቦታ በዚሁ ዓይነት አለመግባባት ዝቅ ብለው ለትንሽ ነው ያመለጡት። ሪፖርት አደረጉ። ድርጅታቸውም ለራሱ ፓይለቶች ነገራቸው። ለሌሎቹ ግን የነገራቸው የለም።

አሁን የሐረጎን ዳገት አስብ። ጭጋግ ውስጥ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሹፌር ሽቅብ ለሚመጣው መብራት ያበራለታል። ከቆመም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ላይ ምንም አይታይም፣ ቀስ በል» ይለዋል። መኪናው የማን ድርጅት ነው ብሎ አይጠይቅም። በ1974 የጎደለው ይሄ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ፓይለቶች ስህተታቸውን በምስጢር የሚጽፉበት አሠራር የተጀመረው። ሪፖርቱን የሚቀበለው ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቀጣው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ናሳ ነው። የጻፈው ሰው ስም ያለበት የቅጹ ክፍል ተቆርጦ ለራሱ ይመለስለታል። ታሪኩ ይቀራል፣ ስሙ ይሄዳል። በእርግጥ ሆን ብሎ ያጠፋን ሰው አይከልልም። ሳያስበው የተሳሳተን ግን ያናግራል።

እኔም አንድ አለብኝ። በጀማሪነቴ ለአንድ ተማሪ የመመዝገቢያውን ቀን አሳስቼ ነገርኩት፤ አመለጠው። አፈርኩና ለማንም አልተናገርኩም። በዓመቱ አጠገቤ የሚሠራ ባልደረባዬ ያንኑ ግራ የሚያጋባ ማስታወቂያ አንብቦ ሌላ ልጅ አሳሳተ። ያኔ ነው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የገባኝ።

ወደ እናትህ ልምጣ። ሰምቶ መገረም ብቻ ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ ከድራማ አይለይም። ስለዚህ ስትሰማ ደብተር ያዝ። ፓይለቱ ምን እንዳደረገ ከመናገሩ በፊት አቁመውና ጻፍ፦ ምን አየ? ምን መሰለው? መመለስ ይችል የነበረው የቱ ጋ ነው? ከዚያ ቀጥል። እ.ኤ.አ. በ1996 ተጠልፎ ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ያረፈውን የእኛን አውሮፕላን ታሪክ ሳትሰማ አትቀርም። ሁሉም ስለ ካፒቴን ልዑል አባተ ጀግንነት ያወራል፤ ይገባዋልም። ግን ከ175 ሰው 50 ብቻ ነው የተረፈው። ከሞቱት ውስጥ የሕይወት ጃኬታቸውን ገና ከውስጥ ሳሉ የነፉና ውሃው ሲገባ ተንሳፍፈው መውጫ ያጡ ነበሩበት። የበረራ አስተናጋጆች «ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ እንዳትነፉ» የሚሉት ለወግ አይደለም። አንተ መልቀም ያለብህ እንዲህ ያለችውን ነው።

ቃለ መጠይቁ ላይ «ደካማ ጎኔ ሥራ ማብዛቴ ነው» እንዳትል፣ በፈጠረህ። ጠያቂዎቹ ሰልችቷቸዋል። የቦርከናዋን ተናገር። እንዲህ በል፦ «ፍሬኑ መላላቱን ጠዋት አውቄያለሁ። የቀኑ ገቢ እንዳይቀርብኝ ብዬ ወጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ፍሬን ሳልሞክር ሰው አልጭንም።» አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በዝናቡም፣ በመንገዱም፣ በባለባጃጁም አታሳብ። የመጨረሻዋን ግን እውነት ከሆነች ብቻ ነው የምትላት። ዋስትና አልሰጥህም፤ እኔ ጠያቂ ብሆን ግን እንዲህ ካለው ልጅ ጋር ነው መብረር የምፈልገው።

የቀረው ቀላል ነው። ዓይንህን፣ ጆሮህንና ቀለም መለየትህን ከአሁኑ ተመርመር። እንግሊዝኛህን ጮክ ብለህ ተለማመድ። መስፈርቱን ከራሱ ከማስታወቂያው አንብብ። «አስገባሃለሁ» ለሚል ደላላ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጥ።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤህ ላይ አላየሁም። ፍሬኑን አሠራኸው?