ቀረጡ ተነሥቶ ጭነቱ የሚወድቀው ለምንድን ነው?

ስለ ዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነቶች ከጣና ዙሪያ አርሶ አደሮች ከደረሱን ጥያቄዎች ለአራቱ መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና ቀረጥ ያልተከፈለበት ሩዝ አስገብቶ የፎገራን ሩዝ ዋጋ ያወርደዋል ይሉናል። እውነት ነው? (ሩዝ አምራች፣ ከወረታ)

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ የሚመጣበት አቅጣጫ ግን ሌላ ነው። በባሕር ዳር ሱቆች ከእርስዎ ሩዝ ጎን የሚደረደረው የውጭ ሩዝ በአብዛኛው የእስያ ነው። የአፍሪካው ስምምነት ከቀረጥ ነፃ የሚያደርገው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በአባል አገር የበቀለውን ሩዝ ብቻ ነው። የሕንድ ሩዝ ሞምባሳ ላይ ከረጢት ስለቀየረ የኬንያ አይሆንም። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀችው ይህ ስምምነት በአንድ ጀምበር አይተገበርም። ባላደጉ አገሮች 90 በመቶ የሚሆኑት የዕቃ ዓይነቶች ቀረጥ የሚነሣው በ10 ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ነው፤ የ7 በመቶው በ13 ዓመት ነው፤ 3 በመቶው ጨርሶ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል።

ዋጋዎን የሚያናውጠው ይልቅ ኒው ዴልሂ ላይ የሚወሰነው ነው። ሕንድ በሐምሌ 2023 ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ እንዳይወጣ ስትከለክል የዓለም ዋጋ ናረ፤ በመስከረም 2024 ክልከላውን ስታነሣ ረገበ። ይህን የሚያስቆም ስምምነት የለም።

በእጅዎ ያለው ጥራቱ ነው። የፎገራ ሩዝ ከውጭው ጋር ሲወዳደር የሚሸነፈው በጣዕሙ አይደለም፤ በመሰባበሩ፣ በጠጠሩና በዘሩ መቀላቀል ነው። አብዛኛው ፍሬ ደግሞ የሚሰነጠቀው ገና መፈልፈያ ቤት ሳይደርስ፣ አውድማ ላይ ነው። ዛላው ከ80 እስከ 85 በመቶ ቢጫ ሲሆን ይጨዱ፤ በዚያን ጊዜ የፍሬው እርጥበት ከ20 እስከ 25 በመቶ ይሆናል። ከዚያ በላይ ማሳ ላይ ከቆየ ቀን በፀሐይ እየደረቀ፣ ሌሊት በጤዛ እየራሰ ውስጡ ይሰነጠቃል። የወቃችሁትን መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ዘርግታችሁ አስጡ፤ በየ30 ደቂቃው አገላብጡ፤ የቀትሩ ፀሐይ ሲበረታ ሸፍኑት። እርጥበቱ ከ13 እስከ 14 በመቶ ሲደርስ ይፈልፈል። በጣም የደረቀውም ይሰበራል፣ እርጥቡም ይደቃል። የሚፈለፈልበትን ማሽንም ይምረጡ። በአንድ ምት የሚፈለፍሉት የመንደር ወፍጮዎች ከ100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ 55 ኪሎ ወይም ከዚያ በታች ያወጣሉ፤ ገለባውን በጎማ ሮለር ገፍፈው ለብቻ የሚያነጹት ከ65 እስከ 70 ኪሎ ይሰጣሉ። የትኛውም ቀረጥ ይህን ያህል ልዩነት አያመጣልዎትም።

ጥያቄ፦ በቆጋ መስኖ ሃስ አቮካዶ አለማለሁ። ወደ አውሮፓ የሚልከው ገዢ «ቀረጥ የለበትም» ብሎ አስተክሎን፣ አሁን ከለቀምነው ግማሹን ጣለው። ስምምነቱ ፈርሶ ነው? (ከመራዊ)

መልስ፦ አልፈረሰም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በስተቀር የኢትዮጵያን ምርት ሁሉ ያለቀረጥና ያለኮታ ያስገባል። ነገር ግን የአቮካዶ መደበኛ ቀረጥ ድሮም እንደ ወቅቱ ከ4 እስከ 5.1 በመቶ ብቻ ነው። ያንንም ቢሆን ፔሩ ከ2013፣ ኬንያ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በየራሳቸው ስምምነት አይከፍሉም። ስለዚህ ቀረጥ አለመክፈል ከተፎካካሪ እኩል ያሰልፋል እንጂ አያስቀድምም። ገዢው ይህን ሳይነግራችሁ አስተክሏችሁ ከሆነ ግማሹን እውነት ደብቋል።

ፍሬ የሚጣልባቸው ዋና ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሳይበስል መለቀሙ ነው፤ የሃስ ደረቅ ይዘት (ውሃው ወጥቶ ከሥጋው የሚቀረው) ቢያንስ 21 በመቶ መሆን አለበት፤ ብዙ ገዢዎች 23 ይጠይቃሉ። ከዚያ በታች የተለቀመ ይጨማደዳል፤ እንደ ጎማ ይለጠጣል እንጂ አይለሰልስም። ፈተናውን ማኅበራችሁ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ከተለያዩ ዛፎች 5 ፍሬ ወስዳችሁ፣ ልጣጩንና ዘሩን አውጥታችሁ ሥጋውን ፈቅፍቁ፤ ቀላቅላችሁ 10 ግራም በወርቅ ሚዛን መዝኑ፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ሳታሳርሩ በማይክሮዌቭ አድርቁት። 2.3 ግራም ከቀረ ደረቅ ይዘቱ 23 በመቶ ነው።

ሁለተኛው አለቃቀሙ ነው። በእጅ የተመነጨቀ ፍሬ ጭራው በተነቀለበት ቀዳዳ ሻጋታ ይገባዋል፤ መራዊ ላይ ግን አይታይም፤ የሚታየው አውሮፓ ደርሶ ሲለሰልስ ነው። ጭራውን አስቀርታችሁ በመቀስ ቁረጡ፤ ዝናብ ወይም ጤዛ ያረሰውን ፍሬ አትልቀሙ፤ የለቀማችሁትን ከጥላ አታውጡ።

ሦስተኛው የፀረ ተባይ ቅሪት ነው። ኅብረቱ የተለየ ገደብ ላላወጣለት ኬሚካል የሚፈቅደው በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ በ1,000 ኩንታል ውስጥ 1 ግራም እንደማለት ነው። ክሎርፓይሪፎስ የተባለው ፀረ ተባይም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ እዚሁ ገደብ ውስጥ ገብቷል። እርስዎ ባይረጩት እንኳ ከጎረቤት ጫት ወይም ሽንኩርት ማሳ በነፋስ ይመጣል፤ በጋራ የጀርባ መርጫም ይተላለፋል። መርጫውን ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ፤ የሚሻለው ግን ለአቮካዶው የራሱን መርጫ መያዝ ነው። የረጩበትን ቀን፣ የኬሚካሉን ስምና መጠኑን ይመዝግቡ።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት ስትገባ የማዳበሪያ ድጎማ ይቀራል? (ከደምቢያ)

መልስ፦ በድርጅቱ ሕግ የተነሣ አይቀርም። የግብርና ስምምነቱ አንቀጽ 6.2 በታዳጊ አገሮች አቅመ ደካማ ለሆኑ አምራቾች በሙሉ የሚሰጥን የግብዓት ድጎማ ከቅነሳ ግዴታ ነፃ ያደርጋል። ኢትዮጵያ ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ድጎማ ከተቀነሰ በበጀት ምክንያት ይሆናል፤ ያ ሌላ ክርክር ነው።

ጥያቄ፦ የዘጌ ቡናችንን አውሮፓ ለመላክ የማሳችንን ካርታ እየጠየቁን ነው። ይህ ደግሞ የየትኛው ስምምነት ነው? (ከዘጌ)

መልስ፦ ስምምነት አይደለም፤ ኅብረቱ ብቻውን እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ነው። ያልተቆላ ቡና ቀረጥ የለበትም፤ ስለዚህ የሚጎዳው ወይም የሚጠቅመው ቀረጥ የለም። ሕጉ የሚጀምርበት ጊዜ በተደጋጋሚ ተራዝሟል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አልተለወጠም። ቡናው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ መሆን የለበትም። የዘጌ ቡና ዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል በመሆኑ ጥላውን እስካልቆረጣችሁ ድረስ አቋማችሁ ጥሩ ነው።

ማሳው ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ ከአሥርዮሽ በኋላ 6 አሃዝ ሊኖረው ይገባል። በ3 አሃዝ ብቻ ከተጻፈ ነጥቡ በ50 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊዛነፍ ይችላል፤ ዘጌ ላይ ደግሞ ይህን ያህል መዛነፍ የዳር ማሳን ጣና ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ሌላው የተለመደ ስሕተት ነጥቡን ቤት ደጃፍ ላይ ሆኖ መውሰድ ነው። ማሳው መሐል ቆማችሁ፣ ከጥቅጥቅ ጥላ ወጣ ብላችሁ፣ ስልኩ እስኪረጋ ጠብቁ። ነጋዴው ሲመዘግብ ቅጂውን ከማኅበሩ መዝገብ ጋር አስተያዩ።