ሲነገር የማይስብ፣ ሲታይ የማይለቅ ፊልም

«አባቴ የከፈትኩትን ፊልም ሁሉ በ10 ደቂቃ ያስጠፉኛል፤ ምን ላሳያቸው?» ላሉት፣ ሲድኒ ሉሜት ያዘጋጀውን የ1957 እ.ኤ.አ. ፊልም «ትዌልቭ አንግሪ ሜን»ን ይክፈቱላቸው። ታሪኩ ሲነገር አይስብም፤ አባቱን ገድሏል ተብሎ በተከሰሰ ወጣት ላይ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን በአንድ ድምፅ እንዲወስኑ በፍርድ ቤት የተመረጡ 12 ተራ ሰዎች በአንድ ክፍል ተዘግተው ይከራከራሉ፣ ከክፍሉም እምብዛም አይወጡም።

ነገር ግን 11ዱ «ጥፋተኛ ነው» ሲሉ አንዱ ብቻ «እስቲ እንነጋገርበት» ይላል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሐሳቡን የሚለውጥበት ምክንያት የየራሱ ስለሆነ፣ ሽምግልና ተቀምጦ የሚያውቅ የሸዋ አባት ማንንም ሳይጠይቅ ይገባዋል። ካሜራውንም ልብ ይበሉ፤ ሲጀምር ከዓይን ከፍታ በላይ ነበር፣ ወደ መጨረሻው ግን ከዓይን በታች ይወርድና ጣሪያው ስለሚታይ ክፍሉ የጠበበ ይመስላል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ «ሰዎች ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ፊልም ነው» ብለው አይጀምሩ። እኔ ደብረ ብርሃን በአንድ ብርዳማ ምሽት ለአጎቴ እንዲህ ብዬ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። በሌላ ቀን «ልጁ ሞት ሊፈረድበት ነው» ብቻ ብዬ ንግግሩን በየመሐሉ በአጭሩ ስተረጉምላቸው፣ በፊልሙ ውስጥ ቢላዋ ጠረጴዛው ላይ ሲሰካ ከተጋደሙበት ተነሥተው ተቀመጡ።