እስክስታ የለመደ ትከሻ በሳልሳ ክፍል ውስጥ

ጥያቄ

በባሕር ዳር ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት የምሠራ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሆነን ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚሰጥ፣ ሁለት ሰው ተያይዞ የሚደንሳቸውን የሳልሳና የባቻታ ዳንሶች ሥልጠና ለመጀመር አስበናል። እስክስታ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደውና ሰውም የሚያደንቅልኝ ስለሆነ ብዙ እቸገራለሁ ብዬ አልገምትም፤ ነገር ግን የማላውቀውን ወንድ እጅ ይዤ መደነስ ያሳፍረኛል። ባለቤቴም ባይከለክለኝም አብሮኝ ለመምጣት ፈቃደኛ አይደለም። ያለ ተጣማሪ መሄድ ይቻላል ወይ? ጫማና ልብስስ ምን ዓይነት ይሁን? ከመመዝገቤ በፊት ማወቅ የሚገባኝን ብትነግሩኝ።
ስሜ ይቆየኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

እኅታችን፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው ስለ እስክስታ በጻፉት ላይ ነው። እስክስታ መቻልዎ በእርግጥ ይጠቅምዎታል፤ ሙዚቃ ሲሰሙ ሰውነትን ማፍታታት፣ ሰው ፊት ቆሞ አለማፈር፣ ከፊት ለፊት ከቆመው ሰው ጋር በዓይን መግባባት፣ አዲስ ተማሪ በብዙ ድካም የሚያገኛቸውን እነዚህን ነገሮች እርስዎ ይዘዋቸው ይገባሉ። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሁሉ ይበልጥ የሚፈትንዎ ይኸው እስክስታ መሆኑን ከወዲሁ ቢያውቁት ይሻላል። ይህን ሳያውቁ የገቡ ጎበዝ እስክስታ ወራጆች «ዳንስ እንዴት እኔን ያቅተኛል» ብለው በሦስተኛው ቀን ሲቀሩ አይቻለሁ፤ ባይቀሩ ኖሮ ከሁላችንም የሚበልጡት እነሱ ነበሩ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጎጃምም ሆነ በጎንደር እስክስታ ሲወረድ ዋናው ሥራ የትከሻ፣ የደረትና የአንገት ነው፤ እግር ሰውነትን ተሸክሞ ቦታውን ይይዛል፣ አለዚያም በትንሽ በትንሹ ይራመዳል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይገጥማሉ እንጂ አይያያዙም፤ አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ የሚቀበለው በዓይኑ ነው። በሳልሳና በባቻታ ግን ዋናው ሥራ የእግር ይሆናል። የሰውነት ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሙሉ በሙሉ መሸጋገር አለበት፤ ትከሻ በበኩሉ ዝቅ ብሎ መርጋት ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ከተጣማሪዎቹ አንዱ መሪ፣ ሌላዋ ተከታይ ስለሆኑ መሪው ያሰበው እንቅስቃሴ ለተከታዩዋ የሚደርሳት በእጅና በክንድ አልፎ ነው፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ልትዞር ይሁን ልትቆም ለይታ ልታውቅ አትችልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ትከሻዎን አሳርፈው እግርዎን ያስተምሩ። ትከሻው አይጠፋብዎም፤ እግርዎ ሥራውን ከለመደ በኋላ ለብቻ በሚደነስባቸው የሙዚቃው ክፍሎች ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜም የሚያምረው በእርስዎ ላይ ነው።

ሌላው ልዩነት ያለው በምቱ ነው። ጆሯችን ያደገበት ችክችካ በስድስት ተቆጥሮ በሦስት በሦስት የሚከፋፈል ምት ነው። ሳልሳ ግን በአራት በአራት የሚሄድ በመሆኑ ዳንሰኞች ሁለቱን አራት አንድ ላይ አድርገው እስከ ስምንት ይቆጥሩታል። በአንድ፣ በሁለትና በሦስት ይረገጣል፤ በአራት ይታረፋል፤ እንደገና በአምስት፣ በስድስትና በሰባት ይረገጣል፤ በስምንት ይታረፋል። በብዛት በሚሰጠው ትምህርት መሪው በአንድ ላይ በግራ እግሩ ወደ ፊት ሲረግጥ ተከታዩዋ በቀኝ እግሯ ወደ ኋላ ትረግጣለች። ባቻታ ለጀማሪ ቀለል ይላል፤ ሦስት ጊዜ ወደ ጎን ከተረገጠ በኋላ በአራተኛው ምት እግር ክብደት ሳይጫንበት መሬቱን ነካ ያደርግና ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመለሳል። ከመመዝገብዎ በፊት ባሉት ቀናት በጣና ዳር በእግርዎ ሲንሸራሸሩ በልብዎ እስከ ስምንት እየቆጠሩ ይራመዱ፤ በአራትና በስምንት ላይ እርምጃዎን ገታ ያድርጉ። ማንም ልብ አይልዎትም፤ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ግን ግማሹ ተሠርቶ ይጠብቅዎታል።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ላንሳ። ሳልሳ ሶንና ማምቦ ከሚባሉት የኩባ ሙዚቃና ዳንሶች የወጣ፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ በሚኖሩ የፖርቶ ሪኮና የኩባ ተወላጆች መካከል ያደገ ዳንስ ነው። ባቻታ ደግሞ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሕዝብ ዳንስ ሲሆን ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ሁለቱም እንደ እኛ እስክስታ በሠፈርና በድግስ ያደጉ ስለሆኑ አንድ ወጥ ሕግ የላቸውም፤ የጎጃሙ እስክስታ ከወሎው እንደሚለይ ሁሉ፣ ሳልሳንም በአንደኛው ምት የሚጀምሩ አሉ፣ በሁለተኛው ምት የሚጀምሩም አሉ። ሁለት አሠልጣኞች የተለያየ ነገር ቢነግሩዎ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ ለጊዜው አንዱን ይዘው ይዝለቁ።

አሁን ወደ እጅ መያዙ ልምጣ፤ ኀፍረትዎ የብዙ ሰው ኀፍረት ነውና። እኔ በጀመርኩበት ቀን አሠልጣኛችን ከደብተር ላይ አንድ ወረቀት ገነጠለና በእኔና በተጣማሪዬ መዳፍ መካከል አስገባው። ጣታችንን ሳንቆልፍ፣ ወረቀቱም ሳይወድቅ ክፍሉን ዞረን እንድንመለስ ነገረን። መጀመሪያ እጄን አላላሁትና ወረቀቱ ወደቀ። ቀጥሎ በኃይል ስጫነው ወረቀቱ ተጨማደደ፣ ተጣማሪዬም ወደ ኋላ ተንገዳገደች። በአምስተኛው ዙር ላይ ግን እሷ ልትቆም ስትል ገና ሳትቆም በመዳፌ ሰማሁት። ከዚያ ቀን በኋላ እጅ መያዝ አላሳፈረኝም፤ እጁ የሚያዘው የሌላውን ሰው እርምጃ ለመስማት መሆኑ ገብቶኝ ነበርና። እርስዎም ከባልደረባዎ ጋር ቤት ውስጥ በአንድ ወረቀት ሞክሩት።

ከዚሁ ጋር ተከታይ የሆነ ሰው ሚዛኑን ራሱ ይጠብቅ። በደንገል ታንኳ የተሳፈረ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ አይተው ይሆናል፤ የሚቀዝፈው ሌላ ቢሆንም ተሳፋሪው ወደ አንድ ጎን ከተደገፈ ታንኳው ይንጋደዳል። በዳንስም መሪው መንገዱን ያሳያል እንጂ አይሸከምም። መሪነትም የግድ የወንድ አይደለም፤ ከባልደረባዎ ጋር እየተፈራረቃችሁ መምራትንም መከተልንም ብትለማመዱ ሁለታችሁም ቶሎ ይገባችኋል።

ያለ ተጣማሪ መሄድ ይቻላል፤ በአብዛኛው የጀማሪ ክፍል አሠልጣኙ በየጥቂት ደቂቃው ተጣማሪ ያቀያይራል። ይህ ለትምህርቱ እጅግ ይጠቅማል፤ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ የለመደ ሰው የዚያን ሰው አመል ይማራል እንጂ ዳንሱን አይማርም። መቀያየር ግን ግዴታ እንዳልሆነ፣ የመጠጋቱንም ልክ የሚወስኑት እርስዎ እንደሆኑ ይወቁ። ሳልሳ በክንድ ርቀት ይደነሳል፤ ባቻታም ለጀማሪ በክንድ ርቀት ሊሰጥ ይችላል። «ትንሽ ራቅ እንበል» ማለት ነውር አይደለም፤ ይህን ሲሰማ የሚቀየም ተጣማሪ ወይም ነገሩን አቃልሎ የሚያልፍ አሠልጣኝ ካጋጠመዎ ክፍሉን ይልቀቁ። በዚህ ላይ እንዲያመነቱ አልፈልግም። ባለቤትዎን ደግሞ ደንስ ሳይሏቸው አንድ ምሽት መጥተው ቁጭ ብለው እንዲመለከቱ ይጋብዟቸው። በሐሳብ ብቻ ሲታይ የሚከብደው ነገር ሃያ ሰው በላብ ተጠምቆ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል ሲታይ ይቀላል።

ስለ ጫማ ዋናው ነገር ሶሉ ነው። የስኒከር ጎማ ወለሉን ነክሶ ስለሚይዝ፣ ሰውነት ሲዞር እግር ባለበት ይቀርና ጥምዘዛው በጉልበት ላይ ያርፋል። ሶሉ ወለሉን የማይነክስ ለስላሳ፣ ተረከዙ አጭር፣ ከቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ጫማ ይምረጡ፤ ነጠላ ጫማና ከኋላ ክፍት ጫማ አይሆንም። ባለ ፈርጥ ቀለበትና አምባር አውልቀው ይግቡ፣ ጥፍር ይቆረጥ፣ ረጅም ሹሩባ ካለዎ ከኋላ ይሰብስቡት፤ ሲዞሩ የተጣማሪዎን ዓይን ይመታልና። የባሕር ዳር ሚያዝያና ግንቦት ሙቀቱ የታወቀ ስለሆነ ፎጣ፣ ውሃና ቅያሪ ሸሚዝ መያዝ አብሮ ለሚደንስ ሰው አክብሮት ነው።

ጿሚ ከሆኑ ምዝገባውን ከፋሲካ በኋላ ያድርጉት፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የሦስት ወር ክፍያ ከፍለው ግማሹን ቢቀሩ ገንዘቡም ልምምዱም ይባክናል። ከመክፈልዎ በፊትም አንድ ክፍለ ጊዜ ገብተው ይመልከቱ። በመጀመሪያው ቀን አምስት ዓይነት መዞር የሚያሳይ አሠልጣኝ ዓይን ይማርካል፤ እኔ ግን ሰዓቱን ሙሉ በማራመድና በማስቆጠር የሚያሳልፈውን እመርጥልዎታለሁ።

ጥያቄ

የ52 ዓመት መምህር ነኝ። ባለቤቴ ለልጃችን ሠርግ አብረን እንድንደንስ ትፈልጋለች፤ እኔ ግን ሰውነቴ የተሳሰረ ነው፣ ጉልበቴንም አልፎ አልፎ ያመኛል። አልረፈደብኝም ወይ?
ከባሕር ዳር

መልስ

ጋሼ፣ አልረፈደም። ጉልበትዎን ግን አስቀድመው ሐኪም ይየው፤ ለአሠልጣኙም በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት። ለሠርጉ ሳልሳ አያስፈልግዎም፤ ዋልዝ የሚባለው በሦስት ምት የሚሄድ የጥንድ ዳንስ በዝግታ ከተያዘ ከእርምጃ ብዙም አይለይም። አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፤ መሪ የሆነ ሰው መስማት፣ መወሰንና መንገር በአንድ ጊዜ ስለሚጠበቅበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተከታይ ይልቅ ይዘገያል። ባለቤትዎ ቀድመው ከለመዱ ተስፋ አይቁረጡ፣ እሳቸውም እርምጃውን ከእርስዎ ቀድመው አይውሰዱ። ሠርጉ ሦስት ወር ከቀረው በሳምንት ሁለት ቀን መማርና በቀሪዎቹ ቀናት ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ምንጣፉን ጠቅልሎ አሥር ደቂቃ መለማመድ ይበቃችኋል።