ጀሶውን ተወውና ኮለኑን እይ

ከመተሐራ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ቤትህ ጂ ፕላስ ዋን ነው፣ ታች ሱቅ ላይ መኖሪያ፤ በ2017ቱ የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ የታችኛው ግድግዳ በኤክስ ቅርጽ ተሰነጠቀ፣ ለሳኝ በጀሶ ደፈነልህ፣ ተመልሶ ተከፈተ፣ የሱቁ ብረት በርም አልገጥም አለ፣ ላይኛው ፎቅ ግን ደህና ነው። በምን ልድፈነው ነው ያልከኝ።

እኔን ግድግዳው አይደለም ያሳሰበኝ። ላይ ደህና ሆኖ ታች ብቻ ከተሰነጠቀና በር ከተጣመመ የኮለኖቹ፣ ማለት ቤቱን የተሸከሙት የኮንክሪት ምሰሶዎች፣ አናት ተጎድቷል ብዬ ነው የምጠረጥረው። ላይ ብሎኬቱ ሙሉ ነው፣ ታች የፊቱ በኩል ለሱቅ ተብሎ ክፍት ነው፣ ሲነቃነቅ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው እነዚያ የታች ኮለኖች ላይ ነው።

ሳትደግፍ መሮ እንዳታሳርፍ! ከኮለኑ ግራና ቀኝ ቢሙን፣ አግዳሚውን ኮንክሪት፣ በብረት ወይም በወፍራም አጣና ደግፍ፣ ከዛ ልስኑን ብቻ ከአናቱና ከእግሩ አንሳ፣ ኮንክሪቱን አትንካ።

አሁን ስታፋውን ላስረዳህ፣ ብዙ ሰው የሚንቀው እሱን ነው። ስታፋ የኮለን መቀነት ነው፣ ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት ብረት። ቤት ወደ ጎን ሲወዛወዝ ኮንክሪቱ ከውስጥ ሊፈነዳ ይገፋል፣ ቋሚው ፌሮም ወደ ውጭ ሊጎብጥ ይፈልጋል፣ ሁለቱንም አንቆ የሚይዘው ስታፋው ነው። ጫፉ 90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ ግን የኮለኑ የውጭ ሽፋን ኮንክሪት እንደረገፈ ይፈታል፣ 135 ታጥፎ ወደ ውስጥ ከገባ አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ1999 ቱርክ ኢዝሚት አካባቢ በ7.6ቱ መንቀጥቀጥ ከ17 ሺህ ሰው በላይ አለቀ፣ ታች ሱቅ የነበራቸው ስንት ፎቆች በታችኛው ወለል ተደርምሰው ሲታዩ ስታፋቸው የተራራቀ፣ ጫፉም 90 የታጠፈ ነበር። እኛም አገር በስድስት ቁጥር ቀጭን ለስላሳ ፌሮ በ25 ሳንቲ እየዘለሉ አስረው በልስን ይሸፍኑታል፣ ያናድዳል! አናትና እግሩ ላይ 10 ሳንቲ ግድም መሆን ነበረበት።

ኮንክሪቱ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ወይም የጎበጠ ፌሮ ካየህ ዛሬውኑ ውጡ፣ ስትራክቸራል ኢንጂነር ይይልህ፣ ኮለኑን በአዲስ ፌሮና ኮንክሪት ማወፈር የሱ ስሌት ነው። ኮለኑ ንጹህ ከሆነ ብቻ ጀሶውን ጠርገህ የሽቦ መረብ ምታበትና በሲሚንቶ ለስነው።

እስከዛ ታች ማንም አይተኛ። ኢዝሚት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ የወረደበት። ደግሞ አንዴ አለፈ ብለህ አትዘናጋ፣ በግንቦት 1953 የሰሜን ሸዋዋን ካራቆሬ መንቀጥቀጡ አንዴ ነቅንቆ አላቆመም፣ ለሳምንታት ሲመላለስ እዚያው አካባቢ ያለችው ማጀቴ ከተማ ፈረሰች፣ የመጀመሪያውን የቻለ ግድግዳ ለሚቀጥለው ደክሞ ነው የሚጠብቀው።

የስታፋውን ርቀት ለክተህ ፎቶ ላክልኝ፣ ግን መጀመሪያ ደግፍ።